አንድ በርሜል ጎደለን

ማርች 6፣ 2007፣ ብሬጋሽ

ዛሬ አገሬን ከጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ነፃ ማውጣት ጀመርኩ። እስካሁን የተሰጠኝ በሁለት ቁጥር የሚበልጠኝ የጎማ ልብስና እግሩ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ነው።

አገሩን በሙሉ በኮንክሪት ምሽግ የሞላው ያ አሮጌ መንግሥት፣ ከቻይና ጋር ፍቅር በነበረው ዘመን የሰናፍጭ ጋዝ በትንንሽ በርሜል አስመጥቶ እዚህ ተራራ ሆድ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ከቻይና ጋር ተጣላ። ከዚያ ራሱም ሞተ። መርዙ ግን አልሞተም። አሁን አልባንያ ማንም ጠመንጃ ሳይደግንባት ለዓለም "እኔ ዘንድ አለ፣ ላቃጥለው ነው" ብላ ተናገረች። አባባ ዜናውን ሲሰማ "የምንኮራበት ቢጠፋ በምንጥለው ቆሻሻ ኮራን" አለ። ይበል። እኔ ኮርቻለሁ። እያንዳንዱ በርሜል ወደ ማቃጠያው ከመግባቱ በፊት ናሙና የምቀዳውና "አዎ፣ መርዝ ነው" ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። እኔ! ባለፈው ሰኔ ዲፕሎማዬን ተቀብዬ እስከ ጥር ድረስ የአክስቴን ጫማ ቤት ስጠርግ የነበርኩት ሩዲና!

ያረፍኩት አጎት ሙሃሬምና አክስት ሃቫ ቤት ነው። አጎት ሙሃሬም ዕድሜያቸውን ሙሉ የዋሻው ጠባቂ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ኪራይ ሳነሳ አክስት ሃቫ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ "እንግዳ ከፍሎ የሚያድርበት ቤት ሆቴል ይባላል። ሆቴል የምንመስልሽ ከሆነ መንገዱ ያው።"

ግቢው ጥግ ላይ የበለስ ዛፍ አለች። አጎት ሙሃሬም ከሥሯ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ዛሬ ዘነበ፤ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። የተራራ ሰው ተፈጥሮ ይወዳል። ግቢው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አክስት ሃቫ ወጥ ሲሠሩ እጃቸው የሚሳሳ አይመስለኝም።

ማርች 9

ቀኑን ሙሉ ጎማ ውስጥ። ዳክዬ መስያለሁ፤ ዳክዬ እንኳ እንዲህ አያልባትም። ቀዳሁ፤ መርዝ ነው። ፈረምኩ። ቀዳሁ፤ መርዝ ነው። ፈረምኩ።

አለቃችን ሻለቃ ፔትሪት ዛሬ ከቲራና ገባ። ጢሙ ከፊቱ ቀድሞ ይገባል። "ብሬጋሽን በሕይወቴ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው" ብሎ ለሁላችን ንግግር አደረገ። ከዚያ ዋሻው ውስጥ መብራት ሲጠፋ (በየቀኑ ይጠፋል) በጨለማው ውስጥ ክንዴን ይዞ "ቀስ፣ እዚህ ጋ አንድ ደረጃ ተሰብሯል" አለኝ። እውነትም ተሰብሯል! መኮንን ማለት ይህ ነው፤ ካርታውን አጥንቶ ነው የሚመጣው።

ማርች 14

ሻለቃው ቤት መጣ። አጎት ሙሃሬም ሲያዩት ኮታቸውን ቆለፉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። አረቄ ተቀዳ። ሁለቱ ወንዶች እንዲህ አወሩ፦

"ክረምቱ ረዘመ።"

"ረዘመ።"

"በጎቹስ?"

"ደህና ናቸው። ሻለቃ፣ የምትጠይቀኝ ነገር ይኖር ይሆን?"

"ጤናዎን ብቻ ነው፣ አጎት ሙሃሬም።"

"ጤና ነኝ" አሉና ሳል ያዛቸው።

ወጥ ቤት ውስጥ አክስት ሃቫ ድስት እንደ ከበሮ መቱ። ሻለቃው አረቄውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ። የተራራ ወንዶች ዓይን አፋር ናቸው ይላሉ፤ እስከዚህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ማርች 20

ዛሬ ደከመኝ፤ ግን ካልጻፍኩ አይለቀኝም። ሄግ!

ማቃጠሉን የሚቆጣጠሩት የዓለም አቀፍ መርማሪዎች ቢሮ ሄግ፣ ሆላንድ ነው ያለው። ለአንድ ወጣት ኬሚስት የሥልጠና ቦታ አላቸው። አንድ ብቻ። ከእኛ ሥፍራ ሰው ሊወስዱ ይችላሉ፤ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ የሻለቃውን የድጋፍ ደብዳቤና የቱላን ቃል። ቱላ ከሄግ የተላከች መርማሪያችን ናት፤ ፊንላንዳዊት። የምትናገረው በበዓል ቀን ብቻ ይመስለኛል። ትናንት ቀኑን ሙሉ አብረን ውለን ያለችው አንድ ነገር ነው፤ "ብዕርሽ አለቀ።" እውነትም አልቆ ነበር።

እናቴ ስልክ ደውላ ስለ ሄግ ስነግራት "እዚያ ባል አለ?" አለች። "መርዝ ነው ያለው እማዬ።" "እሱማ ያው ነው።"

ሻለቃውን ስለ ደብዳቤው ጠየቅኩት። "ሁሉም በመልካም ካለቀ" አለኝ። በመልካም ነዋ የሚያልቀው! ምን ሊጎድል ይችላል?

ማርች 29

አንድ በርሜል ጎደለ።

ዋሻው ባዶ ነው። አገራችን ለዓለም አለኝ ካለችው ላይ አንድ የለም። ቱላ ሁለት ጊዜ ዞራ ቆጠረች፤ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሻለቃው ሳቀ፤ "ቻይናዎቹ ሲልኩ አጭበርብረውን ይሆናል!" ብቻውን ነው የሳቀው።

በ97 ይሆን፣ የዛሬ አሥር ዓመት? በዚያ ዓመት "ገንዘባችሁን እጥፍ እናደርጋለን" ባዮች አገሩን ገፈው ሲጠፉ፣ ሕዝቡ ተናዶ ያልሰበረው የጦር ግምጃ ቤት በር ያላገኘውን ብቻ ነው። ቤተሰቤ በሚኖርበት በዱረስ ከተማ ጎረቤታችን ታንክ ነድቶ ሚስቱን ሐኪም ቤት አድርሷል። ያኔ ከዚህም ማንኛውም እብድ አንዱን ወስዶ ሊሆን ይችላል። ዘይት መስሎት ወይም አረቄ መስሎት። ከወሰደውም እስካሁን ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው።

አጎት ሙሃሬምን "ያኔ እዚህ ነበሩ?" አልኳቸው።

"ነበርኩ።"

"ማን ምን እንደወሰደ አይተዋል?"

"ዝናቡ ሊመጣ ነው" ብለው ጃንጥላቸውን ለማምጣት ተነሱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ኤፕሪል 3

ዛሬ እራት ላይ አክስት ሃቫን አሞገስኳቸው፤ "ነጭ ሽንኩርቱን አሳምረውታል።"

"የምን ነጭ ሽንኩርት? የሱ ጨጓራ ከታመመ ወዲህ እዚህ ቤት ነጭ ሽንኩርት ገብቶ አያውቅም።"

እንግዲያው ጎረቤት ነው።

ዶሮዎቹ ወደ በለሷ እንዳይጠጉ በሽቦ ታጥረዋል። ፍየሏ ባለፈው ዓመት እዚያ ተኝታ ነው የሞተችው፤ አርጅታ፣ እንደሚሉት። አጎት ሙሃሬም ክንድ ላይ የድሮ የውሃ ቋጠሮ ጠባሳ አለ፤ ከምድጃ ነው፣ እንደሚሉት። የሰናፍጭ ጋዝ ምን ምን እንደሚሸት የሁለተኛ ዓመት መጽሐፋችን ላይ ተጽፏል፤ ፈተናም ላይ ወጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አየሩ ልጻፍ። ፀሐይ ነበር። ደመናው ከሰሜን ነው የመጣው።

ኤፕሪል 5

ሻለቃው ቢሮው ጠራኝ፤ በሩን ዘጋ፤ ቸኮሌት አቀረበልኝ። ከሻለቃ ቸኮሌት መብላት እንደሌለብኝ ወዲያው መጠርጠር ነበረብኝ። በላሁ።

"ኬሚስቷ፣" አለ፣ "የዚህች አገር ክብር በአንድ በርሜል ተንጠልጥሏል።"

"አውቃለሁ።"

"በርሜል ደግሞ… በርሜል ነው። ከውጭ ሲታይ።"

"ከውስጥስ?"

"ከውስጥ የምታይው አንቺ ነሽ።" ጢሙን ጠረገ። "የተቃጠለ የትራክተር ዘይት መልኩ ምን ይመስላል?"

"እንደ… እንደዚያ ይመስላል።"

"ይኸውልሽ! ሳይንስ!"

አገሬ መርዝ ጎድሏት መርዝ ልታስመስል ነው። ሌላው አገር ያለውን የለኝም ብሎ እየካደ ሲያስቸግር፣ እኛ የሌለንን አለን ብለን ልናቃጥል! ይህን ነገርኩት። "ጎበዝ ነሽ፣ እንዲህ ያለ ምላስ ሄግ ያስፈልጋታል" አለኝና የደብዳቤውን ረቂቅ አሳየኝ። "ታታሪ፣ ታማኝ" ይላል። ታማኝ።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ሁለተኛውን ቸኮሌት ወሰድኩ።

ኤፕሪል 10፣ ማክሰኞ

ጠየቅኳቸው። ሌላ መንገድ አጣሁ። ከሥራ ስመለስ ቀጥ ብዬ በለሷ ጋ ሄጄ፣ ጭምብሌን ሳላወልቅ፣ "አጎቴ፣ የተቀመጡበት ምንድነው?" አልኳቸው።

"በርጩማ።"

"ከበርጩማው ሥር?"

በርጩማውን በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ "ቃልሽን ስጪኝ፣ ለዚያች ለውጭዋ ሴት አትነግሪያትም" አሉ። እኔም ከጉጉቴ የተነሳ "ቃሌ ነው" አልኩ። ሳላስበው። የሰጠሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ዕቃ ይመልሱታል፤ ቃልን የት ይመልሱታል?

በ97 ጠባቂዎቹ በሙሉ ሲጠፉ የቀሩት እሳቸውና አንድ ወጣት መቶ አለቃ ነበሩ። ሁለት ጎረምሶች አንድ በርሜል እያንከባለሉ ሲወጡ አጎት ሙሃሬም በቅሏቸውን ሰጥተው አስቀሩት። በቅሎዋን! ዋሻው በር ስላልነበረው በርሜሉ እዚያ አያድርም፤ በለሷ ሥር ቀበሩት። መቶ አለቃው "አጎት ሙሃሬም፣ ይህ አደራዬ ነው። እኔ ራሴ መጥቼ እስክጠይቅ ለማንም እንዳይሰጡ" አላቸው። ከዚያ የአክስት ሃቫን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ በሴት አረማመድ ከመንደሩ ወጣ።

"መቶ አለቃው ማን ነው?" አልኩ፤ ጢሙን ግን በሐሳቤ አስቀድሜ አይቼው ነበር።

"አንቺ ታውቂዋለሽ። አድጓል።"

"ታዲያ ይኸው መጥቶ የለም? በየሳምንቱ አረቄዎን ይጠጣል! ለምን አይሰጡትም?"

"አልጠየቀኝማ።"

"እርስዎ ይንገሩት!"

ተቆጡ። "ቤቴ የገባን እንግዳ፣ 'አንተ በሚስቴ ቀሚስ የሸሸኸው' ልበለው? እሱ ይጠይቅ። ሲጠይቅ እሰጣለሁ። አደራ ጥብቅ ነው፣ ልጄ።"

"መርዝ ነውኮ! እየፈሰሰ ነው! ሳልዎን አይሰሙትም?"

"እሰማዋለሁ" አሉ። ጃንጥላቸውን አስተካከሉ።

እነዚህ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው። አንዱ ስለሚያፍር አይጠይቅም፤ አንዱ እንዳያሳፍረው አይናገርም፤ በመካከላቸው በርሜሉ ይዝጋል። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሦስተኛዋ ሞኝ ቃሌን ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። አልጋቸውን ወደ ወዲያኛው ክፍል እንዲወስዱ ብቻ አደረግኩ። ታላቅ ሳይንስ።

ኤፕሪል 11

ሻለቃውን በዘወርዋራ ጠየቅኩት። "ሻለቃ፣ ለመንደሩ ሰው የሰጡት አደራ ካለ…"

"በ97 እኔ ደቡብ ነበርኩ!"

"97 አላልኩም።"

ፊቱ ቀላ። ከዚያ መስኮቱን እያየ "ሄግ ብርድ ነው አሉ፤ ግን ደስ ይላል አሉ" አለኝ። አርብ ከሰዓት የመጨረሻው ናሙና ነው። የትራክተሩ ዘይት።

ኤፕሪል 12

ሐሰተኛውን በርሜል አየሁት። አምሮበታል። አንድ ወታደር የቻይና ጽሕፈት በቀይ ቀለም ጽፎበታል። "ከየት ገለበጥከው?" ስለው "ከሻይ ቆርቆሮ" አለኝ። እንግዲህ አልባንያ ነገ በይፋ የምታቃጥለው አንደኛ ደረጃ አረንጓዴ ሻይ ነው።

አልፈርምም። ብፈርም ማን ይጎዳል? አጎት ሙሃሬም። ባልፈርምስ? እኔ፣ ሄግ፣ አገሩ፣ አባባ እንደገና ይስቃል። በርሜሉ ደግሞ ያው እዚያው ነው። እፈርማለሁ፤ ከዚያ በበጋ ተመልሼ… ተመልሼ ምን?

አክስት ሃቫ ድንች ሲልጡ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ዘይቱን፣ ሻዩን፣ ደብዳቤውን። ለሳቸው እንዳልነግር ቃል አልገባሁም። ቢላዋቸው ቆመ።

"ማለትሽ፣ ሳይጠይቅ ሊሄድ ነው?"

"ቅዳሜ ይሄዳል።"

"ለዘላለም?"

"ወደ ቲራና። ያው ነው።"

እንደገና መላጥ ጀመሩ። ድንቹ ሲያልቅ "ያቺ የውጭዋ ሴት በግ ትበላለች?" አሉኝ።

ኤፕሪል 13፣ አርብ

በቅደም ተከተል ልሞክር።

አክስት ሃቫ ሁላችንንም ምሳ ጠሩን። ምግቡ በላይኛው ክፍል ነበር፤ መስኮቱ በእኔ ትእዛዝ ተዘግቷል። በግ በእርጎ፣ አይብ የተጠቀለለበት ቢሬክ፣ የተኮመጠጠ በርበሬ። ሻለቃው የክብር ቦታ ላይ፣ ቱላ በቀኙ፣ እኔ አስተርጓሚ። አጎት ሙሃሬም እንደ ወጉ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ያለን ዳቦና ጨው፣ ልባችንም ነው" አሉ። ሻለቃው ስለ አገር ክብር ጀመረ።

አረቄ የሚቀዳው ባለቤቱ ነው። ዛሬ ግን አክስት ሃቫ ጠርሙሱን ከባላቸው እጅ ወሰዱት። ለቱላ ቀዱ፤ በሁለት እጅ ሰጡ። ለእኔ ቀዱ። ለሻለቃው ቀዱ፤ ከዚያ እኚያ የሰባ ዓመት ሴት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን አነሱ፤ ብርጭቆውን ከጉልበታቸው ሥር አሳልፈው ፊቱ አስቀመጡለት።

አያቴ ይህን ሲያወራ ሰምቼ ተረት ይመስለኝ ነበር። በተራራው ወግ ክብሩን ጥሎ ላልመለሰ ወንድ ብርጭቆ የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ጥሎ የሄደውን እስኪያስመልስ ድረስ በየሄደበት ቤት ከጉልበት በታች ነው የሚጠጣው። የሚሰጠው ግን ወንድ ነው። ሴት ስትሰጥ ማንም አይቶ አያውቅም።

ቱላ ወደ እኔ ዘንበል አለች። "ምን ሆነ?"

"ቤቱ ስለጠበበ ነው" ብዬ ተረጎምኩ።

አጎት ሙሃሬም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። "ሃቫ" አሉ፣ በቀስታ፣ "እንግዳ ነውኮ።"

"እንግዳ ሲሄድ የመጣበትን ለብሶ ነው የሚሄደው" አሉ አክስት ሃቫ። "ይህ ግን ከእናቴ የወረስኩትን ቀሚሴን ለብሶ ሄደ። አሥር ዓመት ባሌን በረንዳዬ ላይ ሳይሆን መቃብር አፍ ላይ አስቀመጠብኝ። ሌሊት ሲስል የምሰማው እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም። ጠጣ እንግዲህ!"

ሻለቃው ብርጭቆውን አየ። ቱላን አየ። እኔን አየ። የሚረዳው አላገኘም። ጢሙ ከንፈሩ ላይ ተደፋ፤ ድንገት ያ የሸሸው ወጣት ሆኖ ታየኝ፤ በእውነት አሳዘነኝ።

"አጎት ሙሃሬም" አለ። ድምፁ አይሰማም።

"አቤት።"

"አደራዬን… አደራዬን ልውሰድ።"

አጎት ሙሃሬም ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። "ሰጪው ማን ነበር?"

"እኔ ነኝ። ያኔ መቶ አለቃ የነበርኩት ፔትሪት። እዚህ ነበርኩ። ሸሸሁ።"

"እንግዲህ ጤና ይስጥልኝ፣ መቶ አለቃ" አሉ ሽማግሌው። "እንደሰጠኸኝ አለ። ትንሽ ዝጓል።" ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

"አሁንስ?" አለች ቱላ።

"አሁን" አልኩ፣ "የጎማ ልብስሽን አምጪ።"

ማታ

ከሰዓት በኋላ ቤቱን አስለቀቅን፤ ባልና ሚስቱ ጎረቤት ገቡ። የማቃጠያው ሠራተኞች በርጩማውን አንስተው ቆፈሩ። በርሜሉ ሥሩ ተበልቶ አልቋል፤ ሌላ ክረምት ባልቆየ ነበር። ናሙና ቀዳሁ። መርዝ መለያ መሣሪያው ሲጮህ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መርዝ ነው! እውነተኛ መርዝ!

ከዚያ ቱላ ማቃጠያው ጋ ቆማ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። "አንድ ተረፈ" አለች።

የሻይ በርሜሉን ረስተነው ነበር! ሻለቃው አፉን ከፈተ፤ እኔ ቀደምኩት። "የትራክተር ዘይት ነው። ዛሬ መርዝ ነው ብዬ ልፈርም ነበር።"

ቱላ ከቆጠራው ደብተር ቀና አለች። "ትፈርሚ ነበር?"

ላለመዋሸት ብዬ አይደለም፤ ውሸት ፈልጌ አጥቼ ነው፤ "አላውቅም። ጓንቴን አድርጌ ነበር" አልኳት።

ቱላ ጻፈች።

ኤፕሪል 21

ተቃጠለ። ሚኒስትሩ መጥተው ተናገሩ፣ ባንዲራ ነበር፣ መብራት ጠፋ፣ ተመለሰ። አሁን አልባንያ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የላትም፤ በፈቃዷ። አጎት ሙሃሬም ከአጥሩ ወዲያ ሆነው አጨበጨቡ። ቀጥሎ አንድ ፖሊስ "በ97 የወሰዳችሁትን ጠመንጃም እንዲሁ በፈቃዳችሁ" ብሎ ሲለምን ማጨብጨባቸውን አቆሙ። "የእርስዎ የለም አይደል አጎቴ?" አልኳቸው ሹክ ብዬ። "እሱ አደራ አይደለም" አሉ። "የራሴ ነው።"

ሻለቃው ወደ ቲራና ተጠርቷል። ደብዳቤውን አልጻፈልኝም፤ ቢጽፍልኝስ ማን ያነበዋል? ሲሄድ አጎት ሙሃሬም እስከ መኪናው ሸኙት፤ ተቃቅፈው ቆዩ። ወንዶችን ማን ይረዳቸዋል?

ቱላ ስትሰናበት በዓል አደረገች፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። "የዘንድሮው ቦታ ለሌላ ሰው ነው። የግቢው አፈር እስኪጠራ ናሙና የሚወስድ ሰው ግን ያስፈልገኛል፤ በጋውን በሙሉ።" እናቴ ስትደውል ነገርኳት፤ "እዚያስ ባል አለ?" አለች።

ሜይ 8

ሙቀት። ጎማ። አካፋ። የበለሷን ሥር እየቆፈርኩ አፈሩን በከረጢት እሞላለሁ፤ ከረጢቱ ይወሰዳል፤ ናሙና፤ እንደገና። አክስት ሃቫ በየቀኑ ከጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቁኛል። ቤታቸው ናፍቋቸዋል፤ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ድስት መምታት አይቻልም።

ዛሬ ከጥልቁ ናሙና ቀዳሁ። ምንም ሽታ አልነበረውም። ደስ አለኝ። አጥሩ ላይ ሻሻቸው ብቅ አለ።

"ንጹሕ ነው?"

ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። መሣሪያውን አየሁ። ትንሽ ነው የጮኸው፤ በጣም ትንሽ፤ ሌላ ሰው ላይሰማው ይችላል። "አዎ" ብላቸው ዛሬ ማታ አልጋቸው ላይ ነበር የሚያድሩት።

"አይደለም፣ አክስቴ" አልኩ። "ገና ነው።"

ሻሻቸውን አጠበቁ።

"እንግዲያው ቆፍሪ" አሉኝ።